ራውተሩ የተነሣ ዕለት

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ልክ እንዳልኩት ሆኗል ብዬ መማል አልችልም። የሰው ትውስታ የራስን ጥፋት ሲያቀል፣ የሌላውን ሲያከብድ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የእኔም ከዚያ የሚለይበት ምክንያት የለም። አንዳንዱን ቃል ከዓመታት በኋላ ራሴ ጨምሬበት ይሆናል። የአንዱን ቀን ሙቀት ለሌላው ቀን ሰጥቼም ይሆናል። ቢሆንም ልጻፈው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ደሴ በሚገኘው ቤቴ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ አንዲት ወጣት ቴክኒሻን መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ራውተሩን ገለበጠችው። ከጀርባው ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ ከትታ ተጫነች፤ ከዚያም ድምፅዋን አሰምታ መቁጠር ጀመረች። «አንድ… ሁለት… ሦስት…» እስከ ሠላሳ ነው የሚቆጠረው። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ውሃ የምጠጣ መስዬ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ባለቤቴ ተከትላኝ መጥታ «ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ይህን ታሪክ ለእርሷም ቢሆን ሙሉውን ነግሬያት አላውቅም።

ነገሩ ሲሆን፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ ቆቦ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። በትንሽ ከተማ ውስጥ ተመርቆ ሥራ ያላገኘ ሰው ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲበላሽ «ኢንጅነሩን ጥሩት» ይባላል፤ ኢንጅነሩ መጥቶ ያቃተው እንደሆነ ደግሞ «ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማረው?» ይባላል። አባቴ ቀደም ብሎ አርፏል። ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔና እናቴ ዘሀራ ብቻ ነበርን። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ሳውዲ ነበር።

ሰይድ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ እንድማር እርሱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ማሳ ገባ፤ በኋላም እንደ ብዙዎቹ የራያ ልጆች በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ሥራው ከከተማ በራቀ እርሻ ላይ የውሃ ሞተር መጠበቅ ነበር። እርሻው ላይ የስልክ ኔትወርክ የለም። ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ለስግደት ወደ ከተማ ይወጣል፤ ከስግደት በኋላ አንድ የአገር ልጅ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ በዋይፋይ ይደውልልናል። ስለዚህ የእኛ ቤት ሳምንት የሚጀምረውም የሚያልቀውም ጁምዓ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። በእኛ ሰፈር የሞባይል ኢንተርኔት አይሠራም ነበርና ራውተሩን ያስገባነውም ለዚያች አንድ ሰዓት ስንል ነው። እናቴ ራሷ በሠራችው ዳንቴል ትሸፍነው ነበር፤ አቧራ እንዳይነካው።

ቆቦን በክረምት መግቢያ የሚያውቅ ሰው የቆርቆሮ ቤት በዚያ ሰዓት ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይወጣል። የእኛም ኑሮ ጓሮ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነበር። ሰይድ በላከው ገንዘብ የተገዛች አንዲት ቀይ ጊደር ዛፉ ሥር ትታሰር ነበር፤ እርሱ ግን አይቷት አያውቅም። በየጁምዓው «እማ፣ እስቲ ጊደሯን አሳዪኝ» ይላል። እናቴ ስልኩን እንደ ሞላ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ከደጃፉ ሦስት እርምጃ እንደራቀች ምስሉ ይቆማል። ሰይድ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል። ተመልሳ ስትገባ ይለቀቃል፤ «ጊደሯ የት ደርሳ ነበር?» ብሎ ይስቃል።

እኔ እንደማስተካክለው ቃል ገባሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንዳንድ ጓደኞቼ ፋብሪካው ራውተር ላይ የጫነውን ሶፍትዌር አውጥተው በሌላ፣ በነጻ በሚገኝና የሞገዱን ጉልበት ለመጨመር በሚፈቅድ ሶፍትዌር ሲተኩ አይቻለሁ። አይቻለሁ እንጂ ሠርቼው አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፋይሉን አውርጄ መጫን ጀመርኩ። ላፕቶፑ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለች ትሞላ ነበር። ከሥሯ፣ ሥራው እስኪያልቅ ራውተሩ ከመብራት እንዳይለይ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበረ። ሙቀቱ ስላስቸገረኝ ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። በዚያው ቅጽበት የምዕራቡ ተራራ አጉረመረመ።

በእኛ አገር ያ ተራራ ሲያጉረመርም ገበሬው ደስ ይለዋል፤ ጎርፉ ወርዶ ማሽላውን ያጠጣለታልና። የቤት እመቤት ግን ወደ ሶኬት ትሮጣለች። ማንም ያላስተማረው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ ፍሪጁ ይነቀላል፣ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ይነቀላል። ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት የጎረቤት ቴሌቪዥን በመብረቅ ተቃጥሎ ስለነበር እናቴ ከሁሉም ትፈጥን ነበር። ፊቴን ጠርጌ ስገባ የራውተሩን ሶኬት በእጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ላይ ሰው ከውሃ ያወጣ ሰው ኩራት ነበረበት።

«ደረስኩለት» አለችኝ። «ወላሂ ለጥቂት።»

መልሼ ሰካሁት። አንዲት ቀይ መብራት በራችና በዚያው ቀረች። ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው ነው። ያኔ ጮኽኩባት። «ማን ንቀይ አለሽ? ከሰይድ ጋር ያቆራረጥሽን አንቺ ነሽ!» ያልኩ ይመስለኛል። ይህን ዓረፍተ ነገር በዚህ መልክ ተናግሬው እንደሆነ አጥብቄ ራሴን ጠይቄያለሁ። ከዚህ የለሰለሰ ነገር ብዬ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን እናቴ ሶኬቱን መሬት ላይ በቀስታ አስቀምጣ መውጣቷን አስታውሳለሁ፤ ለለሰለሰ ቃል እንዲህ አይወጣም።

በማግሥቱ ጁምዓ ነበር። ታጥባ፣ የጁምዓ ቀሚሷን ለብሳ፣ ስልኩን ፊቷ አስቀምጣ ተቀመጠች።

«እማ፣ አይገባም እኮ። ራውተሩ ሞቷል።»

«ምናልባት» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ አሥርም አለፈ። «የሚቀጥለው ጁምዓ አለ» አልኳት። «ኢንሻአላህ» አለች። ትንሽ ቆይታ «ረስተውኛል ይል ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ ወልድያ ሄድኩ። እኛ ከተማ የነበረው ኢንተርኔት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ራውተሩን የሚያስነሣውን የፋብሪካውን ፋይል ከዚያ ማውረድ ነበረብኝ። የጎሊና ወንዝ ደፍርሶ ይወርድ ነበር። ከሮቢት ወዲህም ወዲያም ማሽላው ጉልበት ደርሶ ነበር፤ ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩ ገበሬዎች በመስኮት እያዩ የማን ማሳ እንደጠጣ፣ የማን እንደቀረ ይከራከሩ ነበር። ስመለስ ጎብዬ ላይ በላስቲክ የተቋጠረ በለስ ገዛሁ። እናቴን ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም ነበር፤ በለስ መግዛት ግን እችል ነበር።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ሞከርኩ። የተበላሸ ራውተር ሙሉ በሙሉ የሞተ አይደለም። መብራት ሲያገኝ፣ ሊነሣ ሲል፣ ለጥቂት ሰከንድ ያህል ጆሮውን ይከፍታል። በዚያች ቅጽበት ላፕቶፑ በኬብል ተገናኝቶ ትክክለኛውን ፋይል ከላከለት ይቀበላል። ካለፈች አለፈች፤ እንደገና ነቅሎ፣ እንደገና ሰክቶ መጠበቅ ነው። የእኔ ኬብል ግን የሚቆለፍበት የላስቲክ ጥፍር ተሰብሮ ስለነበር ልክ በዚያች ቅጽበት ይንሸራተታል። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላውቅም። አርባ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ደምሴ አስፋልቱ ዳር ሬዲዮና ስልክ የሚጠግኑ፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ ሰው ናቸው። ባገኙኝ ቁጥር ያሾፉብኝ ነበር። «ምነው ኢንጅነር፣ ዲግሪው ከነፒንሳው አይደለም እንዴ የሚሰጠው?» ይሉኛል። በዚያ ቀን አላሾፉም።

«ጋሼ፣ ያንን የኔትወርክ ኬብል እስከ ማታ ያውሱኝ» አልኳቸው። ግድግዳው ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

«ሙሄ፣ ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«እናትህስ?»

«እርሷም በልታለች። ኬብሉን ጋሼ።»

«ኬብሉን ተወው ዛሬ። ነገ በጠዋት ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

«ነገማ ምን ያደርግልኛል? እዚያ ተሰቅሎ የለም እንዴ?»

ወደ ግድግዳው ሳያዩ «እሱ ተበላሽቷል» አሉ።

«ኬብል ምኑ ይበላሻል?»

«ይበላሻል» አሉኝ። በእጃቸው የያዙትን ሬዲዮ አስቀምጠው እንደገና አነሡት። «ሂድ እናትህ ጋ ሁን። ብቻዋን አትተዋት።»

ተናድጄ ወጣሁ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች በአጠገባቸው ሳልፍ ዝም አሉ። ቤት ስደርስ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ የማሽላ እንጀራ በወተት ፈትፍታ፣ አምጥታ፣ እናቴን «ብዪ፣ እስቲ አንድ ጊዜ» እያለች ትለምናታለች። እናቴ እየሳቀች «ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው?» ትላለች። እኔ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ፤ የሐሙሱን ጩኸቴን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ለእናቴ አዝኖላታል፣ እኔንም እየቀጣኝ ነው አልኩ። ጋሼ ደምሴም ኬብሉን የከለከሉኝ ለዚህ ነው አልኩ። ሐፍረቴ ወደ እልህ ተለወጠ። የክብሪት እንጨት ሰንጥቄ በተሰበረው ጥፍር ቦታ ሸጎጥኩ። ኬብሉ ገጥሞ ያዘ።

እናቴን ጠራኋት። መርፌውን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ ተጫንኩ፤ እርሷ ከጎኔ ተንበርክካ አብራኝ ቆጠረች። ሠላሳ ስንደርስ ለቀቅኩት። ላፕቶፑ ላይ የመጀመሪያው መልስ መጣ፤ ራውተሩ ሰምቷል። ፋይሉን ላክሁት።

«አሁን አምስት ደቂቃ ማንም እንዳይነካው» አልኩ።

ይህን ያልኩት ለእርሷ አልነበረም፤ ለራሴ ነበር። እናቴ ግን ተነሥታ ሄደች። ጀርባዋን ወደ ሶኬቱ ሰጥታ፣ ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ ቆመች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቢያጉረመርም እንኳ፣ ከእርሷ በቀር ማንም አልነበረም የሚነቅለው። እንዲያ ሆና አምስቱን ደቂቃ ቆመች።

ቀይዋ መብራት ጠፋች። አረንጓዴ በራ፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ ሦስተኛው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«ተነሣ!» አልኩ።

እናቴ እልል አለች። ከሆዷ የወጣ፣ ሰፈሩን ያዳረሰ እልልታ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው በየቤቱ ሆኖ ያንን እልልታ እንደሰማና ምን እንደሆነ ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

የመስመሩን የይለፍ ቃል አስገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ስልክ ሦስት ቀን ተኩል የታፈነውን ሁሉ ማውጣት ጀመረ። አስቀድሞ ሁለት ያልተነሡ ጥሪዎች መጡ፤ ሁለቱም ከሰይድ፣ ሁለቱም ጁምዓ፣ አንዱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌላው ዘጠኝ ከሩብ። ደስ አለኝ። አልረሳንም፣ ደውሏል ብዬ ደስ አለኝ፤ ይህን ደስታ ለአራት ወይም ለአምስት ሰከንድ ያህል ነበረኝ። ከዚያ የሰይድ ፎቶ መጣ። ፌስቡክ ላይ ያወጣው ያ የሻይ ቤቱ የአገር ልጅ ነበር። ከፎቶው በላይ ሰው ሲሞት የሚባለው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ተጽፏል። ጁምዓ ማታ ከከተማ ወደ እርሻው ሲመለስ መኪና ገጭቶታል። ከሥሩ ሐዘናቸውን የጻፉ ሰዎች ስሞች ተደርድረዋል፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ የመስጊዱ ሰዎች፣ የእትዬ ከድጃ ልጅ። ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ቀን ይቆርጣሉ፤ ሐዘንተኛው አንድ ሌሊት በሰላም እንዲተኛ፣ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ቆቦ ለሁለት ቀን ያህል አፏን ዘግታ ነበር። የእኔ ራውተር መሞት አግዟት ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ ከልካዩን ሁሉ አልፌ፣ በክብሪት እንጨት፣ መርዶውን ቤቴ ድረስ ጎትቼ ያመጣሁት።

እናቴ ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል? ሰይድ ነው? ደውሎ ነበር?» ትለኛለች።

ተነሥቼ ሶኬቱን ራሴ ነቀልኩት።

«ገና ነው እማ። እንደገና ተበላሸ።»

እጆቿን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «ወላሂ እኔ አልነካሁትም» አለች። «ሙሄ፣ እኔ አልነካሁትም እኮ።»

ጋሼ ደምሴ እያለከለኩ ገቡ። እልልታውን ሰምተው ሱቃቸውን ክፍት ትተው ነበር የመጡት። ፊቴን ሲያዩ ቆሙ። ለእናቴ የሆነ ነገር ብለው ወደ ጓሮ አወጡኝ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

ትከሻዬን ያዙ። «ሼህ ይማምና ሽማግሌዎቹ ነገ ከሱብሂ ስግደት በኋላ ነው የሚመጡት። እስከዚያ ቻለው ልጄ። ዛሬን ትተኛ።»

«ኬብሉን…»

«አዎ» አሉ። «ምን ላድርግ ታዲያ?»

ቻልኩት። እንዴት እንደቻልኩት ግን አላስታውስም፤ ከዚያ ምሽት የቀረልኝ የጎብዬውን በለስ እየላጥኩ ለእናቴ ማጉረሴ ብቻ ነው። «ዛሬስ ምን ነካህ፣ እንደ ሙሽራ ታጎርሰኛለህ» ብላ ሳቀችብኝ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ገና ከመስገጃዋ አልተነሣችም ነበር። ሼህ ይማምን አየች፣ ከኋላቸው የቆሙትን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ስለዚያ ጠዋት ከማስታውሰው ሁሉ እርግጠኛ የሆንኩበት ይህ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ወደ እኔ ዞራ «ጁምዓ ደውሎ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

«አልደወለም» አልኳት።

«ሰይድ ጁምዓን አያልፍም» አለች። ከዚያ ነው የጮኸችው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣውን ሁሉ አጠገቧ አስቀምጣ «ሶኬቱን ባልነቅለው ድምፁን እሰማ ነበር» ትል ነበር። ሐዘኑ ካረጀ በኋላም አልተወችውም። ተራራው ሲያጉረመርም ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሶኬት ሲሮጥ እርሷ ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ «እማ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኳት። «አብሽር ልጄ» አለችኝ፤ ላጽናናት ብዬ የተናገርኩት ነው ብላ ነበር የወሰደችው። እውነቱን ለመናገር እኔም ያንን ያልኩት ላጽናናት ብዬ ነበር። በልቤ ግን የነቀለችው እርሷ እንደሆነች አምን ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት አረፈች።

ቴክኒሻኗ ሥራዋን ጨርሳ ከሄደች በኋላ ሳምንት ያህል እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ የዚያን ጊዜውን ላፕቶፕ ከካርቶን አውጥቼ ፋይሉን ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። ከቆቦ ያመጣሁት ራውተርም ነበረ። ገልብጬ ከሆዱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። የአንድ ሞዴል ራውተር ስሙ ሳይለወጥ በየጊዜው ውስጡ ይቀየራል፤ የስንተኛው እትም እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያች ወረቀት ብቻ ነው። ያወረድኩት ፋይል የተሠራው ለሁለተኛው እትም ነበር። የእኛው ሦስተኛው ነው። የፋብሪካው ማስነሻ ፋይል ለሁሉም እትሞች አንድ ስለነበር ያኔ ልዩነቱን የማይበት ምክንያት አልነበረኝም።

ወረቀቱ ብቻ አልበቃኝም። የእኛው ራውተር አርጅቶ አልበራ ስላለኝ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሰፈር ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ሦስተኛ እትም ፈልጌ ገዛሁ። ባለፈው እሑድ፣ ደመና በሌለበት ረፋድ፣ በሩን ዘግቼ ፋይሉን ጫንኩበት። ሶኬቱን ማንም አልነካውም። ሰማያዊዋ መስመር እስከ ጫፍ ሞላች፤ መጨረሱንም ጻፈልኝ። ከዚያ አንዲት ቀይ መብራት በራችና በዚያው ቀረች። በፋብሪካው ፋይል አስነሥቼ ደግሜ ጫንኩበት። ያው ሆነ። ባትነቅለውም አይነሣም ነበር።